የአመጋገብ ሥነ ልቦና

የአመጋገብ ሥነ ልቦና ሰው ምን፣ መቼና ምን ያህል እንደሚበላ የሚወስኑትን የአእምሮ ሂደቶች ያጠናል። የሥነ ምግብ ባለሙያ ለሰውነት የሚበጀውን ይናገራል፤ ሰውየው ያንን እያወቀ ለምን ሌላ እንደሚበላ የሚመረምረው ይህ ዘርፍ ነው። ብዙዎች መልሱን በቆራጥነት ማነስ ያሳብባሉ። ምርምሩ ግን ይበልጥ የሚያመለክተው ወደ ልማድ፣ ወደ ትውስታና ወደ ክልከላ ነው።

ረሃብ ከባዶ ሆድ ብቻ አይመነጭም። ረሃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የተባለው ሆርሞን የተለመደው የምግብ ሰዓት ከመድረሱ በፊት ከፍ ይላል፤ ሰውነት ሰዓቱን ይለምዳልና። ጥጋብም ቢሆን የሆድ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመ ጥናት ፖል ሮዚንና ባልደረቦቹ ከባድ የመርሳት ችግር ላለባቸው ሁለት ታማሚዎች፣ ምሳ በልተው ከ10 እስከ 30 ደቂቃ በኋላ ሌላ ምሳ አቀረቡላቸው፤ ሁለቱም በሉ። «በልቻለሁ» የሚለው ትውስታ ከሌለ የሞላ ሆድ እጅን አይሰበስብም። ቴሌቪዥን እያየ የበላ ሰው ቆየት ብሎ ብዙ የሚበላውም በከፊል ለዚህ ነው፤ የበላውን በቅጡ አልመዘገበውም።

በጣም የሚዘነጋው የክልከላ ጉዳይ ነው። በ1944 እና 1945 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ የተባለ ተመራማሪ 36 ጤነኛ ወንዶችን ለስድስት ወር ያህል በግማሽ ምግብ አቆየ። ክብደታቸው በሩብ ገደማ ቀነሰ። ከዚያ በላይ የሚያስገርመው ሐሳባቸው ነው፦ ስለ ምግብ ብቻ ያወሩ ጀመር፣ የምግብ አሠራር መጻሕፍት ሰበሰቡ፣ ተነጫነጩ፣ ከሰው ራቁ። ምግብ ሲፈቀድላቸውም አንዳንዶቹ ሆዳቸው እስኪያም በልተው አልጠገቡም። በ1975 ደግሞ ኸርማንና ማክ የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ክብደት እንዳይጨምሩ ምግብ የሚቆጥቡ ሰዎች ሚልክሼክ ከጠጡ በኋላ አይስክሬም ሲቀርብላቸው፣ ምንም ካልጠጡት ቆጣቢዎች የበለጠ እንደሚበሉ አሳዩ። «አንዴ ፈርሷል» የሚለው ስሌት ነው። ጥብቅ ሕግ የወጣለት አመጋገብ የሚሰበረው ብዙውን ጊዜ በዚህች ቀዳዳ ነው።

ሕፃናት ከ2 እስከ 6 ዓመት ገደማ አዲስ ምግብ ይፈራሉ። አንድን ምግብ ለመቀበል ከ8 እስከ 15 ጊዜ መቅመስ ሊያስፈልጋቸው ሲችል፣ ወላጅ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስተኛው በፊት ተስፋ ይቆርጣል። ጥቂት አቅርቦ ዝም ማለት ይሻላል። «አትክልቱን ከጨረስክ ጣፋጭ እሰጥሃለሁ» ማለት ልጁን የሚያስተምረው ጣፋጩ ሽልማት፣ አትክልቱ ቅጣት መሆኑን ነው።

በሕክምና ክፍል ሥራው የሚጀምረው በማስታወሻ ነው፦ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ የተበላው፣ ከ0 እስከ 10 የረሃብ መጠንና የወቅቱ ስሜት። ማታ ላይ ተሰብስቦ ከተጻፈ ዋጋ የለውም፤ ወዲያው መጻፍ አለበት። ቀጥሎ መደበኛ አበላል ይተከላል፦ በቀን ሦስት ምግብና ሁለት ወይም ሦስት መክሰስ፣ በመካከላቸው ከአራት ሰዓት ያልበለጠ ክፍተት። የተለመደው ስሕተት ማታ ከልክ በላይ የበላ ሰው ለማካካስ በማግስቱ ቁርስ መተዉ ነው፤ ይህ ያንኑ ማታ ይደግመዋል። ከአበላሉ በፊት ክብደት መቀነስን ያስቀደመ ሐኪምም በዚያው ወጥመድ ይወድቃል።

በ2013 የወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ከልክ በላይ የመብላት ሕመም ለማለት፣ መቆጣጠር የጠፋበት አበላል ለሦስት ወር ቢያንስ በሳምንት አንዴ መከሰቱን ይጠይቃል። ለዚህ የሚሰጠው የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና በአንድ የተለመደ አሠራር 20 ክፍለ ጊዜ ያህል ይፈጃል። ክብደቱ እጅግ የወረደ ሰው ሲሆን ግን ንግግር ብቻውን ብዙ አያራምድም፤ ከምልክቶቹ ብዙዎቹ በአንሰል ኪስ ጥናት ተሳታፊዎች ላይ እንደታየው የረሃቡ ውጤቶች ናቸውና፣ ክብደቱ መመለስ አለበት። መመለሱም በሐኪም ክትትል ነው፤ ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰው በድንገት ብዙ ከተመገበ በደሙ ያለው ፎስፌት የተባለ ማዕድን ወርዶ ልቡን ሊያውክ ይችላል።