ኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ ምንድን ነው? ለአእምሮ ሕክምናስ ምን ይጠቅማል?

ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ቆሞ ያልጠበቀ ሰው መቼም አይኖርም። ቁጥሩን ትሰጣላችሁ። ሠራተኛዋ መደርደሪያዎቹ መሀል ትገባለች። ትቆያለች። ተመልሳ «ካርዱ የለም፣ አዲስ አውጡ» ትላለች። የመጣችሁት ለጉንፋን ከሆነ ብዙም አልጎደለባችሁም። የአእምሮ ሕመም የሚታከም ሰው ካርዱ ሲጠፋ ግን አብሮት የሚጠፋው ነገር ብዙ ነው።

አጥንት ቢሰበር ዛሬ የተነሳ ራጅ ያሳያል። እንደ ስኪዞፍሬንያ ወይም ባይፖላር ያለ የአእምሮ ሕመምን ለይቶ የሚያሳይ ራጅ ግን የለም። የደም ምርመራም የለም። ደም የሚታየው ሌላ በሽታ አለመኖሩን ለማረጋገጥና መድኃኒቱን ለመከታተል ነው። የአእምሮ ሐኪም የሚመረምረው በዋናነት ታሪኩን ነው። ሕመሙ መቼ ጀመረ? ስንቴ አገረሸ? የትኛው መድኃኒት ረዳው? የትኛው ጎዳው? ይህ ሁሉ ያለው ካርዱ ላይ ነው።

በእኛ ሰፈር፣ ካራ አካባቢ፣ ልጃቸውን ለዓመታት ያስታመሙ እናት አሉ። አዲስ ሐኪም በመጣ ቁጥር ያንኑ ታሪክ ከሀ እስከ ፐ ይናገራሉ። እንቅልፍ ማጣቱን፣ ከትምህርት ቤት መቅረቱን፣ አንዱ መርፌ አንገቱን እንዳጣመመበት። አንድ ቀን ታመሙና ልጁን አጎቱ ወሰደው። አጎት ይህን ሁሉ ከየት ይወቅ? ካርዱም በጊዜው አልተገኘም። ያው አንገት የሚያጣምመው መድኃኒት እንደገና ታዘዘለት።

እንግዲህ ኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ ይህን የእናትየውን ማስታወስ ለሆስፒታሉ የሚያወርስ ነገር ነው። ባለሙያዎቹ በአጭሩ ኢኤምአር ይሉታል። ካርዱ ከመደርደሪያ ወጥቶ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል። ሐኪሙ የጻፈውን ነርሷ ታየዋለች፤ የታዘዘው መድኃኒት ፋርማሲ ይደርሳል፤ የላብራቶሪ ውጤት ከታካሚው ስም ሥር ይቀመጣል። በየወሩ ለጤና ሚኒስቴር ከሚላከው ሪፖርት ጋር ግን አታምታቱት። ሪፖርቱ፣ ዲኤችአይኤስ 2 የሚባለው ሥርዓት፣ ስንት ሰው እንደታከመ ይናገራል። እገሌ የዚህ ወር መርፌው እንዳመለጠው አይናገርም። ይህን የሚናገረው የእያንዳንዱ ሰው መዝገብ ነው።

አዲስ አበባን በካርታ አስቧት። አማኑኤል መርካቶ አጠገብ ነው፤ ለብዙ ዘመን የአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። በምዕራብ፣ በአምቦ መንገድ፣ የገፈርሳ ማገገሚያ አለ። በምሥራቅ የአእምሮ ሕሙማንንም የሚያክመው የካ ኮተቤ ሆስፒታል አለ፤ በ2012 ኮሮና ሲገባ መጀመሪያ ታማሚ የተቀበለው እሱ ነበር። አንድ ሰው በሕመሙ ዘመን በሦስቱም ሊያልፍ ይችላል። የወረቀት ካርድ ግን ከግቢው አይወጣም። የሚወጣው የሪፈር ወረቀት ነው፤ እሱም አራት ቦታ ታጥፎ ኪስ ውስጥ ሲከርም ጽሑፉ ይለቃል። መዝገቦቹ እርስ በርስ እንዲነጋገሩ ካልተደረገ ደግሞ ኮምፒውተሩም ያው የግቢ ካርድ ሆኖ ይቀራል።

ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየኝ መድኃኒት ላይ ነው። ሊቲየምን ውሰዱ። ለባይፖላር ግሩም መድኃኒት ነው። ነገር ግን በሚያድነውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው። ደም ውስጥ ያለው ልክ ብዙ ጊዜ በሊትር ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል እንዲሆን ይፈለጋል፤ 1.5 ካለፈ አደጋ ነው። ኩላሊትና የእንቅርት ዕጢም በየጊዜው መታየት አለባቸው። ታካሚው ጥርሱን አሞት ዲክሎፌናክ ቢወስድ የሊቲየሙ መጠን ከፍ ሊል ይችላል። ጥሩ ኢኤምአር ሐኪሙ ሁለቱን አብሮ ሲያዝ ወዲያው ያስጠነቅቃል። የደም ምርመራው ቀን ሲያልፍም ያስታውሳል። ለመውለድ ዕድሜ ላይ ላለች ሴት ቫልፕሮት የተባለው ሌላው የባይፖላር መድኃኒት ሲታዘዝም እንዲሁ፤ በእርግዝና ወቅት ከተወሰደ ከ10 ሕፃናት በአንዱ ገደማ የአካል ጉድለት ያስከትላልና። እርግጥ ዲክሎፌናኩ ከሰፈር ፋርማሲ ከተገዛ ሆስፒታሉ የሚያውቅበት መንገድ የለም። ስለዚህ የምትወስዱትን ሁሉ ተናገሩ።

ሌላው የወር መርፌ ነው። በየቀኑ ክኒን መዋጥ ለሚከብደው ሰው በየሁለት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጋ መድኃኒት አለ። መርፌው ሲያመልጥ ሕመሙ በማግሥቱ አይነሳም። ቀስ ብሎ፣ ቤተሰቡ ተሻለው ብሎ በተዘናጋበት ሰዓት ነው የሚያገረሸው። በወረቀት ሥራ የቀረውን ሰው ማንም አያየውም፤ ያልመጣ ሰው ካርድ አይወጣማ። ኮምፒውተር ግን «በዚህ ሳምንት የቀሩ» ብሎ ዝርዝር ያወጣል። ስልክ ይደወላል። አንድ ስልክ አንድን ሰው ከመንገድ ዳር ሊመልስ ይችላል።

ስለ ማሰርም መናገር አለብኝ። ሰው ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ ሲል እጁና እግሩ የሚታሰርበት ጊዜ አለ። መሆን ያለበት ግን ሌላው መንገድ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ለአጭር ጊዜ፣ ሰው እየተከታተለው ነው። አሜሪካ ውስጥ የአእምሮ ሆስፒታሎች ታካሚ ታስሮ የቆየበትን ሰዓት ቆጥረው ሪፖርት ሲያደርጉ ኖረዋል። መቼ ታሰረ፣ ማን አዘዘ፣ መቼ ተፈታ የሚለው በሰዓቱ ከተመዘገበ «ማታ ማታ ለምን በዛ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ያልተቆጠረ ነገር እንደሌለ ይቆጠራል።

እዚያው አሜሪካ በ2009 እ.ኤ.አ. ሆስፒታሎች ኢኤምአር እንዲያስገቡ የሚያበረታታ ብዙ ገንዘብ በሕግ ሲመደብ የአእምሮ ሆስፒታሎች ከድጎማው ውጭ ሆኑ። የአእምሮ ሕክምና ወረፋው መጨረሻ ላይ የሚቆመው እኛ ዘንድ ብቻ አይደለም።

እኛ ጋ ሥራውን የሚያከብዱ የራሳችን ነገሮች አሉ። መብራት ሲጠፋ ምን ይደረጋል? ስማችን የአባትና የአያት ስም እየተቀጠለ ነው፤ አንዱ ጋ «ሥላሴ» በንጉሡ ሠ፣ ሌላው ጋ በእሳቱ ሰ ሲጻፍ አንዱ ሰው ሁለት ሰው ይሆናል። ሰው ምን ይለኛል ብሎ ስም ቀይሮ ካርድ የሚያወጣም አይጠፋም። ሶፍትዌሩ ጷጉሜን ካላወቀ ደግሞ ቀጠሮው ይዛባል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ምስጢር ነው። የስኳር ሕመም ቢወራባችሁ ይታዘንላችኋል። የአእምሮ ሕመም ሲወራ ሥራም ትዳርም ሊቀር ይችላል። ፊንላንድ ውስጥ የአንድ የሥነ ልቦና ሕክምና ድርጅት መዝገብ ተሰርቆ፣ በ2020 እ.ኤ.አ. በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ታካሚዎች «ካልከፈላችሁ የተናገራችሁትን እናወጣዋለን» ተብለዋል። የእኛው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃ ልዩ ጥንቃቄ እንደሚያስፈልገው ይደነግጋል። ሕጉ ግን የይለፍ ቃሏን ወረቀት ላይ ጽፋ ስክሪኑ ላይ የለጠፈችን ሠራተኛ አያስቆምም። ጥሩ ሥርዓት የማንን መዝገብ ማን እንደከፈተ ይመዘግባል። ጎረቤቱን ለማየት የገባ ሠራተኛ ስሙ እዚያው ይቀራል።

መዝገብ ስሕተትንም አይረሳም። አንዴ «አስቸጋሪ» ተብሎ የተጻፈበት ሰው ያ ቃል ከሐኪም ሐኪም ይከተለዋል፤ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ መገልበጥ ቀላል ነው። ሐኪሙ ፊቱን ወደ ስክሪን አዙሮ ሲጽፍ፣ ሰዎች ይከታተሉኛል ብሎ የሚፈራ ታካሚ ምን እንደሚያስብ ገምቱ። ስክሪኑን ትንሽ ዘወር አድርጎ «ይኸውልህ፣ እንቅልፍ አይወስደኝም ያልከውን ነው የጻፍኩት» ማለት ደቂቃ አይፈጅም።

የካራዋ እናት አሁን ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዝተዋል። የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑን፣ የጀመረበትን ቀን፣ ያመጣበትን ነገር ታናሽ እህቱ ትጽፋለች። አንገት ያጣመመው መድኃኒት ስም የመጀመሪያው ገጽ ላይ በቀይ ተሰምሮበታል። አጎትየውም የገጹን ፎቶ ስልኩ ላይ ይዟል።