ኮርኒ ኬግ ምንድን ነው? አሮጌውስ ተፈትቶ የሚታጠበው እንዴት ነው?

ቢራ ቤታቸው የሚጠምቁ አሜሪካውያን ዘንድ ኮርኒ ኬግ የማያውቅ የለም። 19 ሊትር ገደማ የሚይዝ፣ ቀጠን ረዘም ያለ፣ ከማይዝግ ብረት የተሠራ በርሜል ነው። አናቱ ላይ ሞላላ ክዳን አለው። ከክዳኑ ግራና ቀኝ ደግሞ ሁለት አፎች አሉት። በአንዱ ጋዝ ይገባል፣ በሌላው መጠጡ ይወጣል።

አዲስ አበባ ድራፍት ቤት የምናየው በርሜል ከዚህ ይለያል። የፋብሪካ በርሜል አንድ አፍ ብቻ ነው ያለው፤ ንብረትነቱም የፋብሪካው ነው። እሱን ቤት ውስጥ ልፍታህ ማለት አይገባም፣ ግፊት ካለበት ቫልቩ ተፈናጥሮ ፊት ይመታል። ኮርኒ የሚወደደው ግን እያንዳንዱ ክፍሉ በአንድ ቁልፍና በእጅ ስለሚፈታ ነው።

የሚገርመው ኮርኒ ለቢራ አልተሠራም። ስሙን የሰጠው ኮርኔሊየስ የተባለው ኩባንያና ሌሎች አምራቾች የሠሩት ለለስላሳ መጠጥ ሽሮፕ ነበር። የፔፕሲና የኮካ ኮላ ሽሮፕ ለምግብ ቤቶች የሚላከው በዚህ በርሜል ነበር። በኋላ ሽሮፑ በካርቶን ውስጥ በተቀመጠ የፕላስቲክ ከረጢት መምጣት ጀመረ። በርሜሎቹም ሥራ ፈቱና በርካሽ ይሸጡ ጀመር። ፕሬዝዳንት ካርተር ቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅን የሚፈቅደውን የፌዴራል ሕግ በ1978 እ.ኤ.አ. ፈርመው ስለነበር ገዢ አልጠፋም። ጠርሙስ በየተራ ማጠብና መክደን የሰለቸው ጠማቂ ሁሉ ዞረባቸው። አሜሪካ ውስጥ ቤት የሚጠመቅ ቢራ በአብዛኛው በአንድ ጊዜ 5 ጋሎን (19 ሊትር ገደማ) ነው፣ ኮርኒውም የሚይዘው ልክ ያንኑ ነው። ጠጅ ለሚጥል ሰውም ይሆናል።

በአፎቹ አገጣጠም ሁለት ዓይነት ኮርኒ አለ። ቦል ሎክ የፔፕሲ፣ ፒን ሎክ የኮካ ኮላ ነበር። ፒን ሎክ ከአፎቹ ጎን የወጡ ፒኖች አሉት፤ የጋዙ አፍ 2፣ የመጠጡ 3። ቦል ሎክ ፒን የለውም፣ የአንዱ መግጠሚያ ከሌላው ጋር አይገናኝም። ከመግዛታችሁ በፊት ይሄን ለዩ።

አሮጌ ኮርኒ ሲገዛ ሰው የሚያየው ሆዱን ነው። ክዳኑን ከፍቶ ባትሪ ያበራል፣ ብረቱ ካብለጨለጨ ብሩን ይከፍላል። ሆዱማ ምን ያስቸግራል? ቆሻሻው የሚደበቀው ዓይን በማይደርስበት ቦታ ነው። መጠጡን ከሥር የሚስበው ረጅም ቀጭን ቱቦ ውስጥ፣ አፎቹ ውስጥ ባለችው ትንሽ ባለሞላ ቫልቭ ዙሪያ፣ ከዚያም በላይ መጋጠሚያዎቹን በሚያሽጉት ጎማዎች ሥር። ስለዚህ ሳይፈታ የታጠበ ኬግ ታጠበ አይባልም፣ ውሃ ነካው እንጂ።

ከመፍታት በፊት ግፊቱን አስወጡ። ባዶ የሚመስል በርሜል ጋዝ ሊኖረው ይችላል። ክዳኑ ላይ የሚሳብ ቀለበት ካለ ሳቡት። ብዙ ፒን ሎክ ክዳኖች ቀለበት የላቸውም፤ እነሱን በጋዙ አፍ መሃል ያለችውን ቫልቭ በካቻቢቴ ጫፍ ተጭናችሁ አስተንፍሷቸው። ጩኸቱ እስኪያልቅ ጠብቁ። ክዳኑ ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚገጥም ግፊት እያለ አልከፈትም ይላል፤ ይሄ ራሱ ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነው። አፎቹ ግን እንደ ክዳኑ አያስጠነቅቁም፣ ግፊት እያለም ይፈታሉ። አደጋው ያለው እዚያ ነው።

ከዚያ አፎቹን በቡሶላ ፍቱ። መጠኑ እንደ አምራቹ ይለያያል፣ ለፒን ሎክ ደግሞ ፒኖቹን የሚያሳልፍ የተሰነጠቀ ቡሶላ ያስፈልጋል። የጋዙን ከመጠጡ እንዳታምታቱ ለየብቻ አስቀምጡ። ቦል ሎክ ላይ በአብዛኛው የጋዙ አፍ ከግርጌው ጠርዝ ላይ ጥርስ ጥርስ አለው። ከአፎቹ ሥር ሁለት ቱቦዎች ይወጣሉ፤ አጭሩ የጋዝ፣ ረጅሙ የመጠጥ። ረጅሙን ወደ ብርሃን አዙራችሁ ብታዩበት ለምን መፍታት እንዳስፈለገ ይገባችኋል።

አሁን ጎማዎቹ። አንድ ኮርኒ 5 ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) አለው፤ ትልቁ ክዳኑ ላይ፣ ሁለት አፎቹ ላይ፣ ሁለት ደግሞ ከቱቦዎቹ አንገት ሥር። ጎማ ሽታ ይይዛል። በተለይ ሩት ቢር የሚባለው የአሜሪካ ለስላሳ የነበረበት ኬግ ሽታው ከጎማው በቀላሉ አይለቅም፣ አዲሱን ቢራ መድኃኒት መድኃኒት ያሰኘዋል። አጥቦ ለማዳን መልፋት አያዋጣም። አምስቱንም ጣሉና በአዲስ ተኩ፤ ዋጋቸው ኢምንት ነው።

እጥበቱ ሁለት ሥራ ነው፣ ብዙ ሰው የሚያደናግረውም እዚህ ጋ ነው። መጀመሪያ ቆሻሻውን ማስለቀቅ፣ ቀጥሎ ጀርሙን መግደል። እናቶቻችን የጠላ ጋን በግራዋ አሽተው አጥበው፣ ቀጥሎ በወይራ ሲያጥኑት ሁለቱን ለይተው ነው የሠሩት። ያልታጠበ ጋን የሚያጥን የለም። ለኮርኒ ፒ.ቢ.ደብሊዩ የሚባል የጠማቂዎች የአልካላይ ዱቄት በሙቅ ውሃ በጥብጣችሁ በርሜሉን እስከ አፉ ሙሉና አሳድሩት። የብረት ክፍሎቹንም አብራችሁ ዘፍዝፉ። ጓንት አድርጉ። ጠዋት ቱቦውን በረጅም ቀጭን ብሩሽ ፈትጋችሁ ሁሉንም በደንብ አለቅልቁ። ግራጫ የድንጋይ ቅርፊት ከቀረ የቢራ ድንጋይ ነው፤ ካልሲየም ኦክሳሌት። እሱ በአልካላይ አይለቅም፣ አሲድ ይፈልጋል።

በረኪና አትጠቀሙ። ክሎሪን ማይዝግ የሚባለውን ብረት እንኳ ይበሳሳዋል፣ የተበሳሳ ቦታ ደግሞ የባክቴሪያ መደበቂያ ነው። የብረት ሽቦም ይቅር፤ ስብርባሪው ብረቱ ላይ ቀርቶ ይዝጋል።

ጀርሙን ለመግደል ብዙዎች የሚጠቀሙት ስታር ሳን የሚባል አሲዳማ ፈሳሽ ነው። 30 ሚሊ ሊትር ያህሉ ለ19 ሊትር ውሃ ይበቃል። ይሄን የምታደርጉት ግን መጠጡን ልትሞሉ ስትሉ ነው። ማለቅለቅ አያስፈልግም። አረፋው ቢቀርም አይጎዳም፣ አዲስ ጠማቂ ይሄን ለማመን ትንሽ ይቸገራል።

ሲገጣጠም አዲሶቹን ኦሪንጎች ለምግብ የሚሆን የሲሊኮን ቅባት ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። አፎቹን መጀመሪያ በእጅ አስገቡ፣ የጠመዝማዛው ጥርስ ከያዘ በኋላ ብቻ በቁልፍ አጥብቁ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ እስከ 30 ፒ ኤስ አይ (የግፊት መለኪያ ነው) ሙሉና የሳሙና ውሃ እርጩበት። ከአፉ መሃል አረፋ ከወጣ ባለሞላዋ ቫልቭ አልገጠመችም። ከአፉ ግርጌ ከወጣ የቱቦው ኦሪንግ ነው። ከክዳኑ ዙሪያ ከሆነ ግፊቱን አስወጡና ክዳኑን 180 ዲግሪ አዙራችሁ መልሱት። አሁንም ካፏጨ ክዳኑ ተጣሞ ይሆናል፤ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ከሌላ ኬግ ክዳን ተውሳችሁ ሞክሩ።