የሌላ ሰው ኮድ ስናሻሽል የቀድሞውን ስም እናጥፋ?

ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል፦ «ከጊትሀብ (ፕሮግራመሮች ኮድ ከሚጋሩበት ድረ ገጽ) ያወረድኩት ፋይል አናቱ ላይ "ኮፒራይት 2019 እገሌ" ይላል። ግማሹን ቀይሬዋለሁ። ስሙን አጥፍቼ የራሴን ልጻፍ?»

አይሆንም። መስመሩን አትንኩት።

ፋይሉ አናት ላይ የሚጻፉት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የኮፒራይቱ መስመር ባለመብቱ ማን እንደሆነ ይናገራል። ላይሰንሱ ደግሞ ባለመብቱ ምን እንደፈቀደ። ኮዱ ኦፕን ሶርስ (ማንም እንዲያየው፣ እንዲጠቀምበትና እንዲቀይረው የተፈቀደ) ሆነ ማለት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ኤምአይቲ ላይሰንስን እንውሰድ። ኮዱን መቀየር ይቻላል፣ መሸጥም ይቻላል። በምላሹ የሚጠይቀው የኮፒራይቱ መስመርና የፈቃዱ ጽሑፍ ከኮዱ ጋር አብረው እንዲሄዱ ነው። ስለዚህ ሰላማዊት በ2025 ፋይሉን በደንብ ካሻሻለችው፣ ከእገሌ ስም ሥር «ኮፒራይት 2025 ሰላማዊት» ብላ ትጨምራለች። የላይኛው እንዳለ ይቆያል። ሥራውን የሠራችው በደመወዝ ከሆነ ግን ባለመብቱ አብዛኛውን ጊዜ አሠሪዋ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ውሏን ትይ።

ሌላው እንደ ላይሰንሱ ይለያያል። አፓቼ 2.0 ለምሳሌ የቀየራችሁት ፋይል ላይ መቀየሩን እንድትገልጹ ያዛል። ዓመተ ምህረቱን በየዓመቱ ማደስ ደግሞ የየፕሮጀክቱ ልማድ ነው።

ምንም ያልተጻፈበት ኮድስ? እንዳሻችሁ የምትወስዱት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እንኳ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 1989 ወዲህ ለሚወጣ ሥራ መብቱ እንዲጠበቅ የኮፒራይት መስመር መጻፍ አያስፈልግም። ላይሰንስ ካላገኛችሁ ጸሐፊውን ጠይቁ፤ ፈቃዱንም በጽሑፍ ያዙ።