ድሩ ማን ነው? ማጉስ?

ሰሞኑን ጎንደር አንድ ሰርግ ላይ ነበርኩ። መድረክ መሪው ማይኩን ጨብጦ «ሙሽራው ድር፣ ሙሽሪት ማግ፤ ድርና ማግ ያርጋችሁ!» አለ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። እኔ ጠላዬን አስቀመጥኩ። ምርቃቱስ ደግ ነው፤ ድር ሸማኔው በቁመት የሚወጥረው፣ ማግ ደግሞ በአግድም የሚያስገባው ክር ነው፣ ከተሸመኑ አይለያዩም። ወንዱን ድር፣ ሴቷን ማግ ያደረገው ግን ማነው?

ድሩም ማጉም የሴት እጅ ሥራ ነው። አያቴ ቤት ከሰዓት በኋላ ቡና ሲቆላ ጎረቤቶች እንዝርታቸውን ይዘው ይመጡ ነበር። ጥጡ በመዳመጫ ተዳምጦ፣ በደጋን ተነድፎ፣ ባዘቶው ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል። ድር የሚፈትል እጅ ሌላ ነው። ክሩ ቀጠን፣ ከረር ማለት አለበት፤ ሸማኔው ይወጥረዋል፣ ይመታዋል፣ ከላላ ይበጠሳል። ማግ ለስለስ ይላል፤ የጋቢው ሙቀት ከሱ ነው። የኔ ፈትል ለሁለቱም አይሆንም ነበር። አያቴ አይታ «ይሁን፣ ለጧፍ ይሆናል» ትለኛለች።

ወንድ እዚህ ነገር ውስጥ የሚገባው ዘግይቶ፣ ሸማኔው ቤት ነው። በድሮዋ ጎንደር የሚሸምኑት በብዛት ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ወንዶች ነበሩ። ስለዚህ አባባሉ የተወለደው ሸማኔው ተቀምጦ ከሚሸምንበት ጉድጓድ ሳይሆን ከፈታዮቹ መሀል ነው ባይ ነኝ። ማስረጃ? የአያቴ ደጃፍ።

ከፈታዮቹ ሁለቱ አንድ ቤት ይኖሩ ነበር። አንዷ ባሏ የሞተባት፣ ሌላዋ ያላገባች። አንዷ ድር ብቻ፣ ሌላዋ ማግ ብቻ ትፈትላለች። ክሩ አንድ ላይ ተሸምኖ ይመለስና ክረምቱን አንድ ጋቢ ለሁለት ደርበው ያሳልፉታል። ሰፈሩ «ድርና ማግ» ይላቸው ነበር። በሹክሹክታ አይደለም፣ ጮክ ብሎ። አንዷ ለሌላዋ ምኗ እንደሆነች ሲጠየቅ ሰምቼ አላውቅም። እኔም ዛሬ ተነስቼ ስም አልለጥፍባቸውም።

ለዚህ የሚለጠፈው ስም ከሩቅ የመጣ ነው። «ሌዝቢያን» የሚለው ቃል ገጣሚዋ ሳፎ ከክርስቶስ ልደት በፊት 600 ዓመት ገደማ ከኖረችባት ከግሪኳ ሌስቦስ ደሴት ተወሰደ። ከሳፎ ግጥሞች በቀረች አንዲት ቁራጭ ላይ ልጅት እናቷን ናፍቆት አሸንፎኛልና ሽመናው አልሆንልሽ አለኝ ትላታለች። እዚያ የምትሸምነው ሴት ነች፤ አያቴ ይህን ብትሰማ ትገረም ነበር። የናፈቀችውስ ማንን ነው? ግሪክኛው ቃል ልክ እንደኛ «ልጅ» ነው፤ ወንድ ይሁን ሴት አይናገርም። ይቺን ነገር አማርኛ ተናጋሪ ሳይቸገር ይረዳታል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የወለተ ጴጥሮስ ገድል አለ። ንጉሡ ሱስንዮስ ካቶሊክ ሲሆን አልቀበልም ብላ ባሏን ትታ የመነነችው እናት ናት። ገድሏ በግዕዝ የተጻፈው በፈረንጆች 1672 ነው፤ ጎንደር ከተቆረቆረች አርባ ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር። ከጓደኛዋ ከመነኩሲቷ እኅተ ክርስቶስ ጋር መጀመሪያ የተያዩ ለታ ፍቅር በልባቸው አደረ፣ ድሮ የሚተዋወቁ መሰሉ ይላል። እስከ ሞት ድረስም እንደ ነፍስና ሥጋ ሆነው ኖሩ። ገድሉ ይህን የመንፈስ ቅዱስ ሥራ ይለዋል። በፈረንጆች 2015 የእንግሊዝኛ ትርጉሙ ሲወጣ ግን ስለ መነኮሳዪያቱ የሚናገር አንድ ቦታ እንዴት ይፈታ በሚል ትልቅ ክርክር ተነሳ። አንዱ ወገን በሴቶች መካከል ያለ ምኞት ነው አለ፣ ሌላው የቅድስና መጽሐፍ ተበላሸ ብሎ ተቆጣ። እኔን የምትይዘኝ «እንደ ነፍስና ሥጋ» የምትለዋ ናት። ጸሐፊው ፈታይ ቢሆን ኖሮ ድርና ማግ ይል ነበር፤ ይህንንም ያለ ማስረጃ ነው የምለው።

ዛሬ አባባሉ የሽርክና ማስታወቂያና የስብሰባ መዝጊያ ሆኗል። ትናንት የተዋወቁ ሁሉ ድርና ማግ ናቸው። ሲብስ ደግሞ እንደዚያ ሰርግ ድሩን ለወንድ፣ ማጉን ለሴት ያድሉታል።

ሲወጣ መድረክ መሪውን ያዝ አድርጌ ወንዱ ለምን ድር እንደሆነ ጠየቅኩት። «ያው ወንድ ጠንካራ አይደል» አለኝ። እንዝርት ይዘህ ታውቃለህ ወይ አልኩት። ሳቀና ወደ መኪናው ሄደ።