የአቅርቦት ሰንሰለት አስተዳደር እንደ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት

የአቅርቦት ሰንሰለት አስተዳደር፣ ዕቃ ከጥሬ ዕቃ አምራቹ ተነሥቶ ተጠቃሚው እጅ እስኪገባ ድረስ የሚያልፍባቸውን የግዥ፣ የማጓጓዝ፣ የማከማቸትና የማከፋፈል ሥራዎች አብሯቸው ከሚጓዘው ገንዘብና መረጃ ጋር አንድ ላይ የሚያጠና የንግድ ሥራ ትምህርት ነው። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙውን ጊዜ «ሎጂስቲክስና አቅርቦት ሰንሰለት አስተዳደር» በሚል ስም ይሰጣል። ከአካውንቲንግና ከማኔጅመንት ጋር ሲነጻጸር ገና ወጣት ትምህርት ስለሆነ፣ ልጃቸው ይህን መምረጡን የሰሙ ወላጆች «ታዲያ ንብረት ክፍል ሊገባ ነው?» ማለታቸው አልቀረም። ጥያቄው መሠረት የለሽ አይደለም፤ ትምህርቱ በአገራችን የበቀለው ከዚያው ከግዥና ንብረት ሥራ ነውና።

በዚህ ረገድ ቀድሞ የሚነሣው በተለምዶ «ኮሜርስ» የሚባለው ትምህርት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 የተቋቋመው ይህ ተቋም ለረጅም ዘመን የሂሳብ ሠራተኞችንና ጸሐፊዎችን ሲያፈራ ቆይቷል። በኮሌጅነት ዘመኑ የግዥና አቅርቦት አስተዳደርን በዲፕሎማ ያስተማረ ሲሆን፣ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከተጠቃለለ በኋላ ሎጂስቲክስና አቅርቦት ሰንሰለት በመጀመሪያና በሁለተኛ ዲግሪ ይሰጥበታል። ሌሎች የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችና የግል ኮሌጆችም ተከትለዋል። የመጀመሪያ ዲግሪው እንደ ሌሎቹ የንግድ ትምህርቶች አራት ዓመት ይፈጃል፤ የመጀመሪያው ዓመት በጋራ ኮርሶች ያልቃል። እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ደግሞ ማንኛውም ተመራቂ የመውጫ ፈተናውን ቢያንስ በ50 በመቶ ማለፍ አለበት።

ትምህርቱ ዛሬ የሚታወቅበት የእንግሊዝኛ ስያሜ «ሰፕላይ ቼይን ማኔጅመንት» እ.ኤ.አ. በ1982 ኪት ኦሊቨር ከተባለ የአማካሪ ድርጅት ባለሙያ ጋር ተያይዞ ይነሣል፤ ስሌቶቹ ግን ከስሙ በዕድሜ ይበልጣሉ። ተማሪው በግምጃ ቤት አስተዳደር ኮርስ ቀድሞ የሚያገኘውን ቀመር ፎርድ ሃሪስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1913 ነው። ቀመሩ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ነው፤ በአንድ ጊዜ ምን ያህል ልዘዝ? አንድ ዳቦ ቤት በዓመት 9,000 ጆንያ ዱቄት ይፈልጋል እንበል። አንድ ጊዜ ለማዘዝ የወረቀቱ፣ የስልኩና የጭነቱ ወጪ 2,000 ብር፣ አንድ ጆንያ ዓመቱን ሙሉ መጋዘን ለማቆየት ደግሞ 100 ብር ይፈጃል። የዓመቱ ፍላጎት በማዘዣው ወጪ ተባዝቶ፣ እጥፍ ሆኖ፣ ለማቆያው ወጪ ሲካፈል 360,000 ይመጣል፤ የዚህ ስኩዌር ሩት 600 ነው። ስለዚህ ዳቦ ቤቱ 600 ጆንያ በዓመት 15 ጊዜ ቢያዝዝ ይበጀዋል። በዚህ ነጥብ ላይ የማዘዣው ጠቅላላ ወጪ 30,000 ብር፣ የማቆያውም እንዲሁ 30,000 ብር ይሆናል።

ቀመሩ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ገዢው በፈለገው ቀን የፈለገውን ያህል ማዘዝ እንደሚችል አድርጎ ያስባል። የኢትዮጵያ አስመጪ ደግሞ ለብዙ ዓመታት የትዕዛዙን መጠን ሲወስን የኖረው በስኩዌር ሩት ሳይሆን ባንኩ በፈቀደለት የውጭ ምንዛሪ ልክ ነው። ወረፋ ጠብቆ ኤልሲ (ባንክ ለውጭ ሻጩ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) የተከፈተለት ነጋዴ መጋዘኑ ቢጠብም የተፈቀደለትን ሁሉ ያዝዛል፤ ቀጣዩ መቼ እንደሚመጣ አያውቅምና። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ሁኔታው ተለውጧል፤ ሆኖም ጥሩ መምህር ቀመሩን ካስተማረ በኋላ መቼ እንደማይሠራ ለማስረዳት ሌላ ሰዓት መመደብ አለበት ባይ ነኝ። ይህ ካልተደረገ ተማሪው ቀመር ይዞ ይወጣል እንጂ ማስተዋል ይዞ አይወጣም።

ከሁሉም የሚወደደው የክፍል ሥራ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መባቻ ገደማ የተፈጠረው የቢራ ጨዋታ ነው። አራት ተማሪዎች ቸርቻሪ፣ ጅምላ ሻጭ፣ አከፋፋይና ፋብሪካ ሆነው ይቀመጣሉ። መነጋገር ክልክል ነው፤ አንዱ ለሌላው የሚያሳልፈው የትዕዛዝ ወረቀት ብቻ ነው። ትዕዛዙም ሆነ ዕቃው ሳምንታት ዘግይቶ ይደርሳል። የደንበኛው ፍላጎት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት 4 ሳጥን ሆኖ ይቆይና ወደ 8 ከፍ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ንቅንቅ አይልም። የተለወጠው ይህ ብቻ ነው። ቸርቻሪው ግን ዕቃ ሲያልቅበት ይደነግጥና ጨምሮ ያዝዛል፤ ጅምላ ሻጩም በዚያ ላይ ጨምሮ ያስተላልፋል፤ ፋብሪካው ዘንድ ሲደርስ ትዕዛዙ ከ8 ብዙ እጥፍ ሆኖ ይገኛል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሁሉም የማይሸጥ ቢራ ታቅፎ ይቀመጣል። ጨዋታው ሲያልቅ ተማሪዎቹ ጣታቸውን እርስ በርስ ይቀስራሉ፤ ጥፋቱ ያለው ግን በመዘግየቱና መረጃ በመደበቁ ውስጥ ነው። ዘይት ወይም ስኳር ሊጠፋ ነው የሚል ወሬ ሲናፈስ በየሱቁና በየጅምላ መጋዘኑ የሚታየው ነገር ይኸው ነው።

ኢትዮጵያ ወደብ አልባ መሆኗ ትምህርቱን እዚህ አገር የተለየ መልክ ሰጥቶታል። እ.ኤ.አ. በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከተነሣ በኋላ የአሰብ በር ሲዘጋ የአገሪቱ የገቢና የወጪ ንግድ አብዛኛው ክፍል በጅቡቲ ላይ ወደቀ። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የኤሌክትሪክ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2018 መደበኛ አገልግሎት ቢጀምርም፣ አብዛኛውን ጭነት አሁንም የሚያመላልሱት የጭነት መኪናዎች ናቸው። ስለዚህ በውጭ አገር መጽሐፍ ውስጥ አንድ ምዕራፍ የሆነው ማጓጓዝ እዚህ ራሱን የቻለ ዓለም ነው። ተማሪው የመልቲሞዳል አሠራርን ይማራል፤ ዕቃው በአንድ የማጓጓዣ ሰነድ ከመነሻው ወደብ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይመጣል፣ ጉምሩኩም እዚያ ይፈጸማል። በዩኒሞዳል ግን ጅቡቲ ላይ ዕቃውን የሚያስለቅቀው የአስመጪው ትራንዚተር (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) ነው። የመልቲሞዳል ሥራው ለረጅም ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2011 በውህደት ለተቋቋመው የመንግሥት የባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ድርጅት ብቻ የተተወ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ለግል ድርጅቶችም ፈቃድ መሰጠት ተጀምሯል።

የወረቀቱ ሥራ ለወጣቱ አሰልቺ ይመስለዋል። ነገር ግን ቢል ኦፍ ሎዲንጉ (የማጓጓዣ ሰነዱ) ላይ ያለው የጭነት ክብደት ከፓኪንግ ሊስቱ (ከታሸጉት ዕቃዎች ዝርዝር) ጋር ካልተስማማ ኮንቴይነሩ ይቆማል፤ በቆመ ቁጥር ዲመሬጅ (የመዘግየት ክፍያ) ይቆጥራል። መንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥም ዕቃ ሲገባ በሞዴል 19 ካልተመዘገበ፣ ሲወጣም በሞዴል 22 ካልተፈረመ፣ ኦዲተር በመጣ ጊዜ ዕቃው እንደሌለ ይቆጠራል። የመንግሥት ግዥ ራሱ በአዋጅ ቁጥር 649/2001 ሲመራ ቆይቶ በ1333/2016 ተተክቷል። ይህ ኮርስ ቸል የሚባል ቢሆንም ከሁሉም ቶሎ እንጀራ የሚያበላው እሱ ይመስለኛል።

ራሱን የቻለ ቅርንጫፍ እየሆነ የመጣው የመድኃኒት አቅርቦት ነው። አብዛኞቹ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል መቆየት ስላለባቸው፣ ከአዲስ አበባ መጋዘን ተነሥቶ ገጠር ጤና ጣቢያ እስኪደርስ ድረስ አንድ ቦታ ማቀዝቀዣ ቢጠፋ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይቀራል። በዚህ ዘርፍ ፋርማሲስቶችና የንግድ ተመራቂዎች ለአንድ የሥራ ቦታ ይፎካከራሉ፤ የመጀመሪያዎቹ መድኃኒቱን፣ ሁለተኞቹ ግዥውንና ክምችቱን ያውቃሉ።

ተመራቂዎች የሚቀጠሩት በግዥ ክፍሎች፣ በአየር መንገድና በጭነት አስተላላፊ ድርጅቶች፣ በፋብሪካዎች እንዲሁም በእርዳታ ድርጅቶች ነው። ከዲግሪው ጎን ለጎን ዓለም አቀፍ ምስክር ወረቀት የሚይዙም አሉ፤ በግዥ የብሪታንያው የግዥና አቅርቦት ባለሙያዎች ተቋም (ሲአይፒኤስ) ምስክር ወረቀት፣ በጭነት ማስተላለፍ የዓለም አቀፉ የጭነት አስተላላፊዎች ማኅበራት ፌዴሬሽን (ፊያታ) ዲፕሎማ ይታወቃሉ። ክፍያው የከበደው ደግሞ ከላይ የተነሣው የማሳቹሴትሱ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ ያደረገውን የኢንተርኔት መርሐ ግብር መከታተል ይችላል። ኤክሴልን ከአራተኛ ዓመት በፊት ጠንቅቆ ማወቅ ግን ከሁሉም ይቀድማል፤ ቀጣሪ በቃለ መጠይቅ ጊዜ የሽያጭ መዝገብ ሰጥቶ የሚቀጥለውን ወር ፍላጎት ተንብይ ሲል የሚያየው ይህንኑ ነው።