ፍጹም ሲዝን ምንድን ነው?

በአሜሪካ ፉትቦል «ፐርፌክት ሲዝን» የሚባል ነገር አለ። ፍጹም ሲዝን እንበለው። አንድ ቡድን ከመጀመሪያው ጨዋታ አንስቶ እስከ ሱፐር ቦውል፣ ማለትም እስከ ፍጻሜው ጨዋታ፣ ሳይሸነፍ፣ አቻም ሳይወጣ ዋንጫውን ሲያነሳ ማለት ነው። ሱፐር ቦውል ከተጀመረ ወዲህ ይህ የተሳካለት ቡድን አንድ ብቻ ነው፤ የ1972ቱ ማያሚ ዶልፊንስ። 17 ተጫወተ፣ 17 አሸነፈ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እኛ ጋ ይሄ ሲወራ ቶሎ ትዝ የሚለን አርሰናል ነው። በ2003/04 ፕሪሚየር ሊጉን አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ጨረሰ። ግን ከ38ቱ 12ቱን አቻ ወጥቷል። ሁለተኛውን በ11 ነጥብ ስለበለጠ፣ አንድ ሁለቴ ቢሸነፍም ዋንጫው አያመልጠውም ነበር። ኤንኤፍኤል፣ ማለትም የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ ላይ፣ እንዲህ ያለ ነገር የለም። አቻ የሚባለው ከስንት አንዴ ነው የሚታየው። ዋንጫውም በነጥብ አይገኝም።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ሊጉ 32 ቡድኖች አሉት። እንቁጣጣሽ ሰሞን ይጀምራሉ፣ ገና ሰሞን መደበኛው ሲዝን ያልቃል። በ18 ሳምንት ውስጥ እያንዳንዱ ቡድን 17 ጨዋታ ያደርጋል፤ አንዷ ሳምንት እረፍት ናት። ከዚያ 14 ቡድኖች ወደ ፕሌይኦፍ ያልፋሉ። ፕሌይኦፍ ጥሎ ማለፍ ነው፣ የመልስ ጨዋታ የለውም። አንድ ቀን የከፋበት ቡድን ሻንጣውን ሸክፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የካቲት እንደገባ ደግሞ ሱፐር ቦውል ይመጣል። አዲስ አበባ ሆኖ ማየት የሚፈልግ ሰው ለሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ላይ መነሳት አለበት።

ሊጉ ኮንፈረንስ በሚባሉ ሁለት ምድቦች ይከፈላል። ከየኮንፈረንሱ አንደኛ የወጣው ቡድን የፕሌይኦፉን የመጀመሪያ ዙር ያርፋል። ስለዚህ ዛሬ ፍጹም ሲዝን የሚመኝ ቡድን 20 ጊዜ በተከታታይ ማሸነፍ አለበት ማለት ነው። በ1972 መደበኛው ሲዝን 14 ጨዋታ ነበር። ሦስቱ የፕሌይኦፍ ጨዋታዎች ሲጨመሩ 17 ሆነ።

ቁጥሩ ለእግር ኳስ ተመልካች ትንሽ ሊመስለው ይችላል። ግን ይሄ ጨዋታ በሳምንት አንዴ የሚደረገው አካል ከዚያ በላይ ስለማይችለው ነው። ሁሌም የሚጎዳ አለ። ዶልፊንስም አልተረፈም። አምስተኛው ጨዋታ ላይ ኳርተርባኩ ቦብ ግሪሲ እግሩ ተሰበረ። ኳርተርባክ ማለት ኳሱን ተቀብሎ የሚወረውረው፣ ማጥቃቱን የሚመራው ሰው ነው። እሱ ከወጣ የብዙ ቡድን ሲዝን እዚያው አለቀ።

በግሪሲ ቦታ የገባው ኧርል ሞራል ነው። 38 ዓመቱ፤ ለጡረታ አንድ ሐሙስ የቀረው ተጫዋች። ባልቲሞር ኮልትስ ሲያሰናብተው ዶልፊንስ በ100 ዶላር ነበር የወሰደው። አሰልጣኙ ዶን ሹላ በኮልትስ አብሮት ስለሠራ ያውቀዋል። ሞራል ቡድኑን ተረክቦ የቀሩትን የመደበኛ ሲዝን ጨዋታዎች በሙሉ አሸነፈ። የዚህን ሲዝን ታሪክ ሳነብ ከሁሉም በላይ ልቤን የሚነካኝ እሱ ነው። ላሪ ዞንካና መርኩሪ ሞሪስም ኳሱን ይዘው እየሮጡ በየግላቸው 1,000 ያርድ ሞሉ (አንድ ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል)። ሁለት የአንድ ቡድን ተጫዋቾች ይህን ሲያደርጉ የመጀመሪያው ነበር።

አንዳንዶች የመደበኛው ሲዝን ተጋጣሚዎቹ ደካማ ነበሩ ይላሉ። ብዙዎቹ ደካማ ነበሩ፣ እውነት ነው። ግን ያኔ የፕሌይኦፍ ሜዳ የሚደለደለው በተራ ስለነበር፣ አንድም ጊዜ ያልተሸነፈው ዶልፊንስ ለሱፐር ቦውል ለማለፍ ፒትስበርግ ድረስ ሄዶ መጫወት ነበረበት። በሁለተኛው አጋማሽ ግሪሲ ከጉዳቱ ተመልሶ ገባና 21 ለ 17 አሸነፉ።

ሱፐር ቦውሉ ጃንዋሪ 14 ቀን 1973 ሎስ አንጀለስ ላይ ተደረገ። ተጋጣሚው ዛሬ ኮማንደርስ የሚባለው የዋሽንግተን ቡድን ነው። መገባደጃው ላይ ዶልፊንስ 14 ለ 0 እየመራ ፊልድ ጎል ሊመታ ቆመ፤ ኳሷን በእግር መትቶ በግቡ ቋሚዎች መሃል ማሳለፍ ነው፣ 3 ነጥብ ያስገኛል። ቢያገባት 17 ለ 0 ይሆናል፤ የሲዝኑም ውጤት 17 ለ 0፣ ማለትም 17 ድል፣ ዜሮ ሽንፈት። ቆጵሮስ የተወለደው ጋሮ የፕሬሚያን መታ፣ ኳሷ ታገደችና ወደ ራሱ ተመለሰች። አንስቶ ሊወረውራት ሲል ከእጁ አፈተለከች፣ አየር ላይ ነጠረች። የዋሽንግተኑ ማይክ ባስ ቀለባትና 49 ያርድ ሮጦ ተችዳውን አስቆጠረ፤ ኳሷን ይዞ የተጋጣሚን የመጨረሻ መስመር ማለፍ ነው፣ ከተጨማሪዋ ምት ጋር 7 ነጥብ ሆነ። 14 ለ 7፣ የቀረው ሁለት ደቂቃ። አስቡት፤ የ17 ጨዋታ ድካም በአንዲት ባመለጠች ኳስ ሊበላ ነበር። ተከላካዮቹ ግን ያቺን ሁለት ደቂቃ ጥርሳቸውን ነክሰው ጨረሷት።

ከዚያ ወዲህ እዚያ ጫፍ የደረሰው የ2007ቱ ኒው ኢንግላንድ ፔትሪየትስ ነው። መደበኛውን ሲዝን 16 ለ 0 ጨረሰ። ቶም ብራዲ 50 የተችዳውን ኳሶች አቀበለ። ሱፐር ቦውሉ ላይ የጠበቀው ኒው ዮርክ ጃያንትስ ነበር፤ አንድ ወር ከምናምን በፊት 38 ለ 35 ያሸነፈው ቡድን። ሊያልቅ ሲል የጃያንትሱ ኢላይ ማኒንግ ማሊያው ተይዞ ሲጎተት በሆነ መንገድ አመለጠና ኳሷን ወደ ላይ ላካት። ዴቪድ ታይሪ ዘለለ፣ ተከላካይ ተንጠልጥሎበት እያለ በአንድ እጁ ኳሷን የራስ ቁሩ ላይ ለጥፎ ይዟት ወደቀ። 32 ያርድ። ሰዓቱ 35 ሰከንድ ሲቀረው ፕላክሲኮ በረስ አስቆጠረና 17 ለ 14 አለቀ። ፔትሪየትስ 18 ጊዜ አሸንፎ ያለ ዋንጫ ቀረ።

በ1934ም ቺካጎ ቤርስ 13 ለ 0 መጥቶ ለሻምፒዮናው ኒው ዮርክ ገባ። ሜዳው በረዶ ጋግሮ መስታወት ሆኗል። የጃያንትስ ሰዎች ከአንድ ኮሌጅ የቅርጫት ኳስ ጫማ ተውሰው መጡ። ተጫዋቾቹ ጫማ ቀይረው በመጨረሻው ሩብ ብቻ 27 ነጥብ አገቡና 30 ለ 13 አሸነፉ። የቤርስ ልጆች ደግሞ ባለ ሹል ጫማቸው እያንሸራተታቸው ቀሩ።

ዶልፊንስ ራሱ በተከታዩ ዓመት ሁለተኛው ጨዋታ ላይ በኦክላንድ ሬይደርስ 12 ለ 7 ተሸነፈ። በዚያ ሲዝን ሁለት ጊዜ ተሸንፎም ዋንጫውን ደግሞ አነሳ። ኦገስት 2013 ላይ ፕሬዚዳንት ኦባማ ሽማግሌዎቹን ተጫዋቾች ዋይት ሀውስ ሲቀበላቸው ግን፣ የተጠሩት ስለ 1972 ነበር።