ኮሪደር መጋራት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ከጣርማበር ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደውን መንገድ ያየ ሰው፣ እንዲህ ያለ ዲዛይን በአንድ ሰውና በአንድ ፋይል እንደማያልቅ ይገባዋል። አናቱ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አንዱ መንገዱን ይቀርጻል፣ ሌላው የውሃ መውረጃውን ይሠራል፣ ሌላው ክሮስ ሴክሽን (መንገዱ በአግድም ሲቆረጥ የሚታየውን ቅርጽ) እና የሚቆረጠውንና የሚሞላውን የአፈር መጠን ያወጣል። ሁሉም የሚፈልጉት ኮሪደሩን ነው። የከተማውን የኮሪደር ልማት ማለቴ አይደለም፤ ሲቪል ስሪዲ በሚባለው የመንገድ ዲዛይን ሶፍትዌር ላይ ከአላይመንት (ከመንገዱ መሀል መስመር)፣ ከፕሮፋይል (ከመስመሩ ከፍታና ዝቅታ) እና ከአሴምብሊ (ከአስፋልቱ፣ ከትከሻውና ከቦዩ ቅርጽ) የሚሠራውን የመንገድ ሞዴል ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ከዲዛይን ልጆች ጋር ሻይ ስንጠጣ ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች ላንሳ።

«ፋይሉን ኮፒ አድርጌ ሰጠሁት፤ በቃ ተጋራን»

ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ኮፒ በተደረገበት ደቂቃ መንገዱ ሁለት ኮሪደር አለው። ደብረ ሲና አካባቢ መሬቱ እንደሚንሸራተት የታወቀ ነው። ቁልቁሉ አላስተማመናችሁም እንበልና አላይመንቱን ወደ ተራራው ጠጋ አደረጋችሁት። ቆረጣው በዛ፣ ሙሌቱ ቀነሰ፣ ዳይላይቱ (ቆረጣው ወይም ሙሌቱ ከተፈጥሮ መሬት ጋር የሚገናኝበት መስመር) ሽቅብ ሸሸ። የአፈር መጠን የሚያወጣው ልጅ ግን ያለፈው ሳምንት ኮፒ ላይ ነው። ሒሳቡ አንድም ስህተት የለበትም። ችግሩ፣ ያሰላው የተተወውን መንገድ መሆኑ ነው። ፕላኑና የመጠን ሠንጠረዡ ታትመው አንድ ጠረጴዛ ላይ እስኪገናኙ ድረስ ማንም አይነቃም። አንዳንዴ ከዚያም በኋላ አይነቃም።

ለዚህ የተሠራው ዳታ ሾርትከት ነው። ኮሪደሩ አንድ ድሮዊንግ (የዲዛይን ፋይል) ውስጥ ብቻ ይኖራል፣ አንድ ባለቤት ይኖረዋል። የቀረው ሰው ከራሱ ድሮዊንግ ሆኖ ሬፈረንስ ያደርገዋል፤ ማለትም ሳይገለብጠው ከምንጩ ጋር አያይዞ ያየዋል።

«ሾርትከቱን በፍላሽ ላክልኝ»

ሾርትከቱ ውስጥ መንገድ የለም። ትንሽ የኤክስኤምኤል ፋይል ናት፤ ኮሪደሩ በየትኛው ድሮዊንግ፣ በየትኛው ፎልደር እንዳለ ትናገራለች። «ጠባሴ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ» ብሎ እንደተነገረ ቤት ነው፤ ሰውዬው ቤት ከቀየረ አቅጣጫው አይጠቅምም። ስለዚህ ሳይት ላለ ሰው የምትልኩ ከሆነ የፕሮጀክቱን ፎልደር ሙሉውን፣ ምንጭ ድሮዊንጎቹን ጨምሮ ላኩ። እዚያ ሲደርስ ዲ የነበረው ድራይቭ ኢ ይሆናል፣ ሬፈረንሱም ይበጠሳል። አትደንግጡ። ሪፔር የሚል ምርጫ አለ፤ ትክክለኛውን ድሮዊንግ ታሳዩታላችሁ። ቢሮ ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ ሁሉም ሰው አንድ ሰርቨር ላይ በአንድ ዓይነት አድራሻ ይሥራ።

«ኤክስሬፍ ካለ ምን ያስፈልጋል?»

ኤክስሬፍ (ሌላ ድሮዊንግን እንዳለ ከራስ ድሮዊንግ ጋር ማያያዝ) ጥሩ ነገር ነው፤ ለሚታተመው የፕላን ሺት እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን የሚያመጣው በዋናነት የሚታየውን ሥዕል ነው። ፕሮስፔክተር (የሞዴሉ ነገሮች የሚዘረዘሩበት መስኮት) ውስጥ ኮሪደሮች የሚለውን ብትከፍቱ በኤክስሬፍ የመጣው እዚያ አይዘረዘርም፤ በሾርትከት የመጣው ይዘረዘራል። የአፈር መጠን ለሚያወጣ ሰው ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው።

«ሬፈረንስ ካደረግሁት እኔም አስተካክለዋለሁ»

አታስተካክሉትም። ታዩታላችሁ፣ ሴክሽን ታወጡበታላችሁ እንጂ አሴምብሊውን አትነኩም። ትከሻው ይስፋ ካላችሁ ለባለቤቱ ደውሉ፤ ሽማግሌ መላክ አያስፈልግም። ትዕግሥት ያጣ ሰው አላይመንቱን ወይም ሰርፌሱን (የገጽታውን ሞዴል) ፕሮሞት ያደርገዋል። ፕሮሞት ማለት ገመዱን መቁረጥ ነው፤ እንደፈለጋችሁ ትቀይሩታላችሁ፣ ግን ወደ ኮፒው ጣጣ ተመለሳችሁ።

«ባለቤቱ ሲቀይር ወዲያው ይደርሰኛል»

ሴቭ ካላደረገ ምንም አይደርሳችሁም። ሴቭ ሲያደርግ ደግሞ እናንተ ጋ ያለው ሬፈረንስ ጊዜው እንዳለፈበት የሚያሳይ ቢጫ ምልክት ይወጣል፤ ሲንክሮናይዝ ብሎ ከምንጩ ጋር ማዘመን የእናንተ ፈንታ ነው።

ሰንሰለት ሲሆን ነው ብዙ ሰው የሚስተው። አላይመንቱ አንድ ድሮዊንግ፣ ኮሪደሩ ሁለተኛ፣ ሴክሽኑ ሦስተኛ ድሮዊንግ ውስጥ ነው እንበል። አላይመንቱ ተቀይሮ ሴቭ ሆነ። የሴክሽኑ ሰው ሲንክሮናይዝ ይላል፤ ኮሪደሩ ግን ያው የድሮው ነው። ለምን? መሀል ያለው ድሮዊንግ አልተከፈተማ! የኮሪደሩ ባለቤት መጀመሪያ ከፍቶ ሲንክሮናይዝ፣ ከዚያ ሪቢልድ (ኮሪደሩን እንደገና መሥራት)፣ ከዚያ ሴቭ ማድረግ አለበት። ተራው ከላይ ወደ ታች ነው። ይህን ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ከማንኛውም ስልጠና ይሻላል ባይ ነኝ።

«መልኩም አብሮ ይመጣል»

አይመጣም። ኮሪደሩ የሚታየው በተቀባዩ ድሮዊንግ ኮድ ሴት ስታይል (የኮሪደሩን ክፍሎች መልክ የሚወስን ምርጫ) ነው። ቀለሙ ተለየ ብላችሁ ሞዴሉን አትጠርጥሩ፤ ሁሉም ከአንድ ቴምፕሌት ይጀምር።

«ኮኦርዲኔቱን ራሱ ያስተካክላል»

ይሄኛው ደግሞ ውድ ስህተት ነው። የእኛ አካባቢ የኮኦርዲኔት ሥርዓት አዲንዳን፣ ዩቲኤም ዞን 37 ነው። አንዱ ቀያሽ ከጂፒኤስ በቀጥታ በደብሊውጂኤስ 84 (ጂፒኤስ በሚጠቀምበት ሥርዓት) ካመጣ፣ መሬቱና መንገዱ ከመቶ ሜትር በላይ ይለያያሉ። ሾርትከት ይህን አይቀይርም። ገደል ላይ መቶ ሜትር ማለት ሌላ ተራራ ነው።

«ቨርዥን ችግር የለውም»

አለው። ኮሪደርን በሾርትከት መጋራት የመጣው በ2018 ቨርዥን ነው፤ ከዚያ በፊት ሰው የሚጋራው የኮሪደሩን ሰርፌስ ነበር። በአዲስ ቨርዥን ሴቭ የተደረገ ኮሪደርም አብዛኛውን ጊዜ በአሮጌው በወጉ አይከፈትም። ድሮዊንጉን ወደ ድሮ ፎርማት ሴቭ ማድረግ ለኮሪደር አይሠራም። ቢሮው በሙሉ አንድ ቨርዥን ይያዝ።

«መንገዱ አንድ ስለሆነ ኮሪደሩም አንድ ይሁን»

አላይመንቱና ፕሮፋይሉ አንድ ይሁኑ። ኮሪደሩን ግን መክፈል ይቻላል፤ ረጅም ከሆነ ይከፈል እላለሁ። ከጣርማበር በፊት ያለው ደጋማ ሜዳና ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት አንድ ዓይነት ሥራ አይደሉም። ሜዳው ላይ በየ25 ሜትሩ ሴክሽን ቢበቃ፣ ጠመዝማዛው ላይ ግን በጣም መቀራረብ አለበት። አለዚያ ዳይላይቱ ሸንተረሩን ዘልሎ ያልፋል። ይህ የሚስተካከለውም ባለቤቱ ድሮዊንግ ላይ ብቻ ነው።

ስትከፍሉ ሁለቱ ክፍሎች አንድ ስቴሽን (በርቀት የሚለካ የመንገዱ ነጥብ) ላይ ይገናኙ፤ ኩርባ መሀል ባይሆን ይመረጣል። ከዚያ ሌላ ድሮዊንግ ክፈቱና ሁለቱንም ሬፈረንስ አድርጉ። መጋጠሚያው ጋ ወዲህና ወዲያ ሳምፕል ላይን (ሴክሽን የሚወጣበትን ተሻጋሪ መስመር) ጣሉ። የአስፋልቱ ጠርዝ፣ ትከሻውና ቦዩ በከፍታ ካልተገጣጠሙ፣ ከሁለቱ አንዱ ሲንክሮናይዝ ያላደረገው አላይመንት ወይም ፕሮፋይል አለ፤ ካልሆነም አሴምብሊያቸው ተለያይቷል።